ክፍል ሳይቀሩ ገበያ መዋል፦ በድሬዳዋና በሐረር ኢኮኖሚክስ ለሚያስተምሩ የምርምር መመሪያ

የዶክትሬት ተማሪ በሌለበት፣ ረዳት ተመራማሪ በማይቀጠርበትና የማስተማር ጫናው ከባድ በሆነበት ክፍል ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው ምርምሩን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጠይቁ ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። የምርምር ጥሪ ይወጣል፣ የሦስት ሳምንት ጊዜ ይሰጣል፣ ርእስ በጥድፊያ ይመረጣል፣ መጠይቅ ይባዛል፣ አራት መቶ ሰው ይሞላዋል፣ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አንድ የሎጂት ሞዴል (የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ውጤትን የሚገምት እኩልታ) ይሠራለታል፣ ሪፖርቱ ገቢ ይደረጋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያነሣው የለም። በዓመቱ ሌላ ጥሪ፣ ሌላ ርእስ፣ ሌላ አራት መቶ ሰው ይመጣል። እኔም ድሬዳዋ ላይ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍሁት በዚሁ ዙር ውስጥ ነው፤ በመጨረሻ ስቆጥራቸው አምስት ሪፖርቶች ነበሩኝ፣ አንዱ ግን ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ምንም ክር አልነበረም።

በአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉትን፣ ለምሳሌ ዊሊያምስን፣ አምኸርስትንና ስዋርትሞርን ስንመለከት፣ የእነሱም የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ከሞላ ጎደል የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ነው፤ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የመንግሥት ባለሙያዎች የማስተርስ ትምህርት የሚሰጥበት ማእከል አለው እንጂ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት አይሰጥም። መምህራኑ ግን ያሳትማሉ፣ ያውም በታወቁ መጽሔቶች። ገንዘባቸውን፣ ቤተ መጻሕፍታቸውንና በየጥቂት ዓመቱ ከማስተማር ነጻ ሆነው የሚያገኙትን ጊዜ እኛ ጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ዘዴያቸውን ግን መውሰድ ይቻላል። ዘዴውም ጥያቄን ማጥበብ፣ አንዴ የተሰበሰበ መረጃ ለብዙ ሥራ እንዲውል አድርጎ ማደራጀት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪንም አምኖ ሥራ ላይ ማሰማራት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ ዘዴ ድሬዳዋና ሐረር ላይ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ነው።

ጥያቄውን ከመንገዱ መውሰድ

ጥሩ ጥያቄ ለማግኘት ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣውን ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማሰብ ይበቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጎመኑ ከሐረማያ፣ ከቀርሳና ከኮምቦልቻ ደጋማ ማሳዎች ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ከፊሉም አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከውጭ የሚገባው ሩዝ፣ ፓስታ፣ የምግብ ዘይትና ኤሌክትሮኒክስ በተቃራኒው ከቆላው ወደ ደጋው ይወጣል። አንደኛ ዓመት ላይ የምናስተምረው የአንድ ዋጋ ሕግ፣ ማለትም የማጓጓዣው ወጪ ሲቀነስ አንድ ዕቃ በሁለት ገበያ አንድ ዋጋ ሊኖረው ይገባል የሚለው ሐሳብ፣ በዚህ መንገድ ላይ በየሳምንቱ ይፈተናል። በድሬዳዋው የቀፊራ ገበያና በሐረሩ የሸዋ በር ገበያ መካከል ያለው የድንች ዋጋ ልዩነት ከጭነት ዋጋው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ነዳጅ ሲጨምር ልዩነቱ በስንት ሳምንት ይስተካከላል? በሚወርደው ዕቃና በሚወጣው ዕቃ ላይ የሚታየው ማስተካከያ እኩል ፍጥነት አለው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለሦስት ጽሑፍ ይበቃሉ፣ መረጃቸው ግን አንድ መዝገብ ነው።

ከዚህ አጠገብ «በድሬዳዋ ከተማ የሥራ አጥነት መንስኤዎች» የሚለውን ዓይነት ርእስ ብናስቀምጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የኋለኛው ዕድሜን፣ ጾታን፣ የትምህርት ደረጃንና የቤተሰብ ብዛትን በአንድ እኩልታ ውስጥ ጨምሮ፣ የትኛው ላይ ኮከብ (በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም የሚለው የስታቲስቲክስ ምልክት) እንደወጣ ከመቁጠር አያልፍም፤ ውጤቱንም ገና ሳይጀመር አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ርእስ ሲመርጡ ራስዎን ሊጠይቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የትኛውን ቁጥር ባገኝ የገመትሁት ስሕተት ነበር ብዬ እቀበላለሁ? ለዚህ መልስ የማይሰጥ ርእስ ቢተዉት ይሻላል።

ባቡሩ ድሬዳዋ ያለን መምህራንን ሁሉ የሚያማልል ርእስ ነው። ከተማዋ ራሷ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። «አዲሱ ባቡር በከተማዋ ንግድ ላይ ያመጣው ለውጥ» ብሎ መነሣት ያምራል፤ ነገር ግን ከባቡሩ በፊት ማን ምን ያህል ይነግድ እንደነበር የተመዘገበ ነገር በእጅዎ ከሌለ፣ በዚያው ጊዜ የተለዋወጠውን ሌላውን ሁሉ ከባቡሩ የሚለዩበት መንገድም ካላዘጋጁ፣ የሚያገኙት የነጋዴውን ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ፣ በተለይ ድሬ ላይ፣ ሁልጊዜ ወደ ድሮው ያደላል።

ከድርጊቱ በፊት የተከፈተ መዝገብ

ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር የተባሉት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ልታሳድግ ስትል፣ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው በኒው ጀርሲና በአጎራባቿ ምሥራቃዊ ፔንሲልቬንያ የሚገኙ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ስለ ሠራተኞቻቸው ብዛትና ስለ ዋጋቸው ጠየቁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይ እነዚያኑ ቤቶች እንደገና ጠየቁ። ደመወዙ ያደገበትን ግዛት ካላደገበት ጋር፣ በፊቱን ከበኋላው ጋር አነጻጽረው የደረሱበት ውጤት፣ የደመወዙ ጭማሪ ሥራ አልቀነሰም የሚል ስለነበር ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ካርድም እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ለእኛ የሚጠቅመው ሽልማቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለበት ቀን ነው። መሣሪያቸው ስልክና አጭር መጠይቅ ነበር፣ ብልጫቸው ግን ሕጉ ሳይጀምር መድረሳቸው ነው።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ቀን መጥቶ አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ በገበያው ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማጥናት ተነሡ፤ ከመካከላችን ግን ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የሰኔ 2016ን ዋጋ ጽፎ ያስቀመጠ አልነበረም። እኔ በእጄ የነበረኝ የአሥራ አንድ ሳምንት የአትክልት ዋጋ ነበር፣ እሱም ከውጭ የሚገባ አንድም ዕቃ አልነበረበትም። ነጋዴውን «ከሐምሌ በፊት በስንት ትሸጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሰውየው ግን የሚነግርዎት ዛሬ የተሰማውን ምሬት ወደ ኋላ አስልቶ ነው።

ስለዚህ መዝገቡን ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ዛሬውኑ ይክፈቱ። ሃያ ዕቃ ይበቃል፤ ስምንቱ ከደጋው የሚወርዱ፣ ስምንቱ ከውጭ የሚገቡ፣ አራቱ እዚሁ የሚመረቱ ቢሆኑ መልካም ነው። በቀፊራ አሥራ አምስት፣ በሸዋ በር አሥራ አምስት ነጋዴ ይምረጡና ሳይቀያየሩ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይጎብኟቸው። አንዱ ነጋዴ ሥራ ሲያቆም ወይም ከቦታው ሲጠፋ ቀኑንና የሚታወቅ ከሆነ ምክንያቱን ይጻፉ፤ ዝም ብሎ ባጠገቡ ባለው መተካት መዝገቡን ያበላሻል፣ የሚከስሩትና የሚጠፉት ነጋዴዎች ከሚቆዩት የተለዩ ናቸውና።

ሠላሳ ነጋዴ በ52 ሳምንት 1,560 ምልከታ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ግን እንዳያታልልዎት፤ የአንዱ ነጋዴ የዚህ ሳምንት ዋጋ ካለፈው ሳምንት ዋጋው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ምልከታዎቹ 1,560 ነጻ ምስክሮች አይደሉም። መደበኛ ስሕተቱን (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን ቁጥር) በነጋዴ ሰብስቦ ማስላት ግድ ነው፤ የነጋዴው ቁጥር እንዲህ ሲያንስ ደግሞ ስታታ በቀጥታ የሚሰጥዎት መደበኛ ስሕተት ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚሆን ለጥቂት ስብስቦች የተዘጋጁትን የቡትስትራፕ ዘዴዎች (ከመረጃው ራሱ ደጋግሞ በእጣ እየፈጠሩ የማስላት ዘዴዎች) መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚህም የሚብሰው፣ ጥያቄዎ ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያነጻጽር ከሆነ፣ ሁለት ከተማ በመሠረቱ ሁለት ምልከታ መሆኑ ነው። ይህን በጽሑፍዎ ውስጥ እርስዎ ቀድመው ቢናገሩት ገምጋሚው ከሚነግርዎት ይሻላል።

መደቡን መመዘን

የመጀመሪያው የዋጋ መዝገቤ ላይ ቲማቲም ለሰባት ሳምንታት ያህል ዋጋው ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ተማሪዎቼ የሚጽፉት የአንድ መደብ ዋጋ ነበር፤ መደቡም በየሳምንቱ ያው 20 ብር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ቀፊራ ወርጄ ከአንዲት ሴት ነጋዴ ፊት ስቆም፣ ጆንያው ላይ የተደረደሩት መደቦች ከአምስት ፍሬ ወደ አራት ወርደዋል፤ ከአራቱም ከሥር የተደበቀችው አንዷ ከዕንቁላል አትበልጥም። «ዋጋ ጨምረሻል ማለት ነው» ስላት ስቃ፣ «እኔ ዋጋ አልጨመርሁም፤ ቲማቲሙ ነው የቀነሰ» አለችኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያልመዘገብነው የዋጋ ንረት እዚያ ጆንያ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገባችን ከዋጋው ጎን ክብደት አለው። እንበልና መደቡ በ20 ብር እንደጸና ክብደቱ ከ620 ግራም ወደ 480 ግራም ቢወርድ፣ የኪሎው ዋጋ ከ32 ብር ከ26 ሳንቲም ወደ 41 ብር ከ67 ሳንቲም አድጓል፤ ይህም 29 በመቶ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትንሽ የእጅ ሚዛን ይግዙ። መደብ፣ ጣሳ፣ እስርና ዙርባ ሁሉ ይመዘናሉ። ገዢው «መርቂልኝ» ሲል የሚጨመርለትም አብሮ ይመዘን፤ ምርቃቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ብዙ ጊዜ የመደቡ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ነው፣ እኔ ባየሁት። ለመመዘን ደግሞ መግዛት አለብዎት፤ ነጋዴዋ ሳትሸጥ ዕቃዋን ሚዛን ላይ ሲያወጡና ሲያወርዱ መዋል ነውር ነው። በጀቱ ላይ «የናሙና ግዢ» ብለው ያስገቡት።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የአገሪቱንና የክልሎችን የሸማቾች ዋጋ መረጃ ጠቋሚ ስለሚያወጣ የራስ መዝገብ ትርፍ ድካም የሚመስለው ሰው ይኖራል። ወርሃዊው ጠቋሚ የዋጋ ንረትን ለመለካት ነው የተዘጋጀው፤ አንድ ነጋዴ ከሌላው ለምን እንደተለየ፣ ዋጋ በስንት ቀን ከድሬ ሐረር እንደደረሰ ለመለየት ግን ሳምንታዊና ነጋዴውን የሚለይ መረጃ ያስፈልጋል። ጠቋሚውን ለማመሳከሪያ ይጠቀሙበት፤ የእርስዎ መስመር ከእነሱ መስመር በጣም ከራቀ መጀመሪያ የራስዎን ይጠርጥሩ።

አራት መቶው ከየት መጣ

የማሟያ ጽሑፎቻችን ናሙና ሁልጊዜ 400 አካባቢ የሚያርፈው ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ቀመር ምክንያት ነው፤ የሕዝቡን ብዛት፣ አንድ ሲደመር ብዛቱ በስሕተት መጠኑ ካሬ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ማካፈል ማለት ነው። በ5 በመቶ ስሕተት ብዛቱ 5,000 ከሆነ 370፣ 50,000 ከሆነ 397፣ አንድ ሚሊዮን ከሆነ 400 ይወጣል። ቀመሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ የተሠራው ግን ከሙሉ ዝርዝር ላይ በእጣ ተመርጦ አንድን ድርሻ፣ ለምሳሌ «ስንት በመቶው ሰው ባንክ ሂሳብ አለው» የሚለውን ለመገመት ነው። እኛ የምንጠቀምበት ሁለት ቡድኖችን ለማነጻጸር ነው፣ ያውም ዝርዝር በሌለበት ገበያ።

ለማነጻጸር የሚያስፈልገው ብዛት የሚወሰነው ሊያዩት በሚፈልጉት ልዩነት ነው። ልዩነቱ የመደበኛ ልይይቱ (መልሶቹ ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ግማሽ ያህል ትልቅ ከሆነ በየቡድኑ 64 ሰው ገደማ ይበቃል፤ አንድ አምስተኛው ብቻ ከሆነ ግን በየቡድኑ 400 ገደማ፣ በድምሩ 800 ያስፈልጋል። ለፈጣን ስሌት 16ን፣ በመደበኛ ልይይት በተለካው ልዩነት ካሬ ማካፈል በቂ ነው። ከዚህ በላይ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነጋዴዎች ከአንድ አከፋፋይ ስለሚገዙ መልሳቸው ይመሳሰላል። ከእያንዳንዱ ረድፍ ሃያ ሰው ቢጠይቁና በረድፉ ውስጥ ያለው መመሳሰል 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ የናሙናው ዋጋ በ1.95 ይካፈላል፤ 400 ሰው ጠይቀው የ205 ሰው ያህል መረጃ ይዘው ይመለሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከጥቂት ረድፍ ብዙ ሰው ከመጠየቅ ከብዙ ረድፍ ጥቂት ጥቂት ሰው መጠየቅ ይሻላል።

የዝርዝሩን ነገር በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ የሐረሪ ክልል ደግሞ 183,415 ሕዝብ እንደነበራቸው ተመዝግቧል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የዛሬን ናሙና መደልደል ግን የዛን ጊዜዋን ከተማ ማጥናት ነው። የንግድ ፈቃድ መዝገብም ጆንያ አንጥፋ የምትሸጠውን ሴት አያውቃትም። አማራጩ በአንድ ጠዋት ተማሪዎችን በየረድፉ አሰማርቶ፣ ፈቃድ ይኑረውም አይኑረውም፣ የሚሸጠውን ሁሉ መቁጠርና የራስን ዝርዝር መሥራት ነው። ሃያ ተማሪ ካለ ቀፊራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተቆጥሮ ያልቃል።

ጠይቆ መልስ ማግኘት

ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ መጠይቅ ይዞ መውጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ያልዘጋውም በርጫው ላይ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያወራል፣ ያወራውን በቁጥር ማስቀመጥ ግን ይከብዳል። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። የትብብር ደብዳቤ ከክፍልዎ፣ ቀጥሎም ከቀበሌው ይያዙ፤ ነገር ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት አስቀድመው አያውጡ፣ ግብር ሰብሳቢ የመጣ ይመስላልና። መጀመሪያ ስምዎንና ሥራዎን ይናገሩ፣ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ ወረቀቱን ሲጠየቁ ያሳዩ።

መጠይቁ በአማርኛ ብቻ አይበቃም። ሸዋ በር ላይ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች አፋን ኦሮሞ፣ ታይዋን ያሉት ብዙ ነጋዴዎች ሶማሊኛ፣ ጁገል ውስጥ ያሉት ሐረሪኛ ይቀላቸዋል። በአንድ ሰው የተተረጎመውን ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ሁለቱን ያነጻጽሩ፤ የእኔ የመጀመሪያ መጠይቅ ሲመለስ «ትርፍ» የነበረው «ሽያጭ» ሆኖ ነበር። በአማርኛውም ቢሆን «በቀን ስንት ታገኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ገቢንም ትርፍንም ሊያመለክት ይችላል። ዴ ሜል፣ መኬንዚና ውድራፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ስሪላንካ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ ሽያጭንና ወጪን በዝርዝር ጠይቆ ከመቀናነስ ትርፍን በቀጥታ መጠየቅ የተሻለ እንደሚሆን ያሳያል፤ እኔም «ወጪህን ሁሉ አውጥተህ ባለፈው ሳምንት ለራስህ የቀረህ ስንት ነው?» የሚለውን አጥብቄ ይዣለሁ።

ከላይ «ወጪህን» ማለቴ ግድፈት አይደለም። ድሬም ሐረርም ሰው ለታላቁም «አንተ» ይላል፤ «እርስዎ» እያለ የሚጠይቅ ልጅ ከአዲስ አበባ የተላከ የመሥሪያ ቤት ሰው ይመስላቸዋል። ተማሪዎቼ የአካባቢውን አነጋገር እንዲከተሉ አደርጋለሁ፤ ይህ ጽሑፍ ግን ጽሑፍ ነውና እርስዎን «እርስዎ» ማለቴን ይታገሡኝ።

ያልተቀረጠ ዕቃ ትሸጣለህ ወይ ተብሎ ለተጠየቀ ነጋዴ መልሱ አንድ ነው። ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ዘዴ እዚህ ይረዳል። ነጋዴው ለብቻው ሆኖ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል፣ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። ጠያቂው ሳንቲሙን አያይም፤ ስለዚህ «አዎ» ያለው ሰው ምን እንዳመነ ማንም አያውቅም። ከ100 ነጋዴዎች 65ቱ «አዎ» ካሉ፣ 50ዎቹ በሳንቲሙ ምክንያት ናቸው ብለን ስንቀንስ እውነቱን ከመለሱት 50ዎች 15ቱ «አዎ» ብለዋል፤ ግምቱ 30 በመቶ ነው። ክፍያው ናሙናው መብዛቱ ነው፣ ከናሙናው ግማሽ ያህሉ ምንም አይነግርዎትምና። የሱቅ ቁጥርና ስልኩ የሚይዘውን የቦታ መረጃ (ጂፒኤስ) በዚህ መጠይቅ ላይ ጨርሶ አይመዝግቡ።

ተማሪዎቹ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መረጃ በመሰብሰብ ረገድ ከተቀጠረ ሰብሳቢ አያንስም፣ ምክንያቱን ካወቀ ማለት ነው። ኮቦ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ኢንተርኔት በሌለበትም በአንድሮይድ ስልክ ስለሚሠራ ወረቀት ማባዛት ቀርቷል። የሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ተማሪ ከመዝገቡ አንዱን ቁራጭ፣ ለምሳሌ የዘይትን ዋጋ ብቻ ወስዶ መሥራት ይችላል፤ ከዜሮ ከሚጀምር ተማሪ ይልቅ እሱ የሚተነትንበት ጊዜ ይተርፈዋል። ስሙ ጽሑፉ ላይ የሚገባው ምን ሲሠራ እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስማሙ። «ውጤቱ ትርጉም ያለው ልዩነት አላሳየም» ብሎ ለጻፈ ተማሪም ውጤት አይቀንሱ፤ ይህን የሚፈራ ተማሪ ነው ቁጥር የሚፈጥረው።

ካፌ ቁጭ ብሎ የተሞላ መጠይቅ መኖሩ አይቀርም። ከአሥር አንዱን ነጋዴ በራስዎ ይመልሱ። ከዚያ ሌላ የመጨረሻውን አሃዝ ይቁጠሩ፤ ዋጋ በ0 እና በ5 ማለቁ የገበያ ልማድ ነው፣ በግራም የተመዘነ ክብደት ግን ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞች ላይ ከሞላ ጎደል እኩል መበተን አለበት። አንድ ሰሞን ከአንድ ቡድን የመጣው ሠንጠረዥ ላይ ክብደቱ ሁሉ በ0 ወይም በ5 ያበቃ ነበር። ስጠይቃቸው ሚዛኑ ባትሪ ጨርሶ በዓይናቸው ገምተው እንደሞሉ ነገሩኝ። ያንን ሳምንት ሰረዝነው፤ ባትሪም በበጀቱ ውስጥ ገባ።

ሌሎች የሰበሰቡት መረጃ፣ ከዘመን አቆጣጠሩም ጋር

በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚካሄደው የኢትዮጵያ የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት መረጃ ተመዝግቦ በነጻ ማውረድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011/12 ሲጀምር ገጠርንና ትንንሽ ከተሞችን ብቻ ይዞ ነበር፤ በ2013/14 ትልልቅ ከተሞች ተጨመሩ፣ በ2018/19 ደግሞ አዲስ ናሙና ተመረጠ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ድሬዳዋና ሐረሪ ለብቻቸው እንዲወከሉ ተደርጎ ስላልተነደፈ ከእነዚያ ዙሮች ብቻ ስለ ሐረር መደምደም አይገባም።

አቆጣጠሩ ላይ ይጠንቀቁ። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ሐምሌ 2016 የሚገኘው በ2017 በጀት ዓመት ውስጥ ነው፤ የከተማውን ገቢ ከዋጋ መዝገብ ጋር ሲያያይዙ አንድ ዓመት የሚዛነፈው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ 8 ሰዓት ብሎ የመዘገበውን ተማሪው 2 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ሁለቱንም በየራሳቸው ዓምድ አስቀምጡና ልወጣውን በኮድ ሥሩት፤ በእጅ የተለወጠ ቀን የት እንደተሳሳተ መቼም አይገኝም።

ማሳተም

የመጀመሪያ ጽሑፌን በኢሜይል «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ ለጋበዘኝ መጽሔት ላክሁ፤ በዘጠኝ ቀን ያለ አንዲት አስተያየት ተቀበሉት፣ ገንዘብም ከፈልሁ። የእድገት ኮሚቴው ሲያየው አልቆጠረልኝም፤ ጽሑፉ አንዴ ስለወጣ ወደ ሌላ መላክም አልተቻለም። ጄፍሪ ቢል የተባለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይዞት የነበረው የአጭበርባሪ መጽሔቶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 ከተዘጋ ወዲህ ጥንቃቄው የራስ ሆኗል። መጽሔቱ ላይ ያሳተሙትን ሁለት ሰዎች ፈልገው የገምጋሚ አስተያየት ደርሷቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይህ ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጣል።

በቅርብ ያሉት መድረኮች የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔትና ዓመታዊ ጉባኤ፣ እንዲሁም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ መጽሔት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተውና መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ጥምረትም ለጀማሪ ተመራማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል፤ ከገንዘቡ የሚበልጠው በአውደ ጥናቶቹ ላይ የሚገኘው ምክር ነው። ለንባብ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው መርሐ ግብር የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ መጽሔቶችን በነጻ ማግኘት ይችላሉ፤ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍትዎ ይጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከማሳተምዎ በፊት ሥዕሉን ለነጋዴዎቹ መልሰው ያሳዩ። የአንድ ዓመቱን የድንች ዋጋ መስመር አትሜ ሸዋ በር ይዤ በሄድሁ ጊዜ አንዲት ነጋዴ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ወርዳ፣ ዋጋው በድንገት የወደቀበት ሳምንት ላይ ስትደርስ «ይሄ የጅቡቲው ጭነት የተመለሰ ጊዜ ነው» አለችኝ። እኔ ያንን ሳምንት በመዝገቡ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ነበር ያለፍሁት። አሁን ከጎኑ የእሷ ቃል ተጽፎበታል፤ ከጭነት ሰነዶች ጋር የሚያመሳክር ተማሪም ለቀጣዩ መንፈቀ ዓመት ተመድቧል።